የእትዬ ሙሉ ፊት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አንድ ልማድ አልለቀቀኝም። ወልድያ መናኸሪያ አጠገብ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ የሰውን አረማመድ አያለሁ። ሁለቱም እጁ ይወዛወዛል ወይስ አንደኛው ጎኑ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል? ሲዞር እንደ ሰው ይዞራል ወይስ እንደ ቁም ሣጥን ከነሙሉ አካሉ ቀስ እያለ ነው የሚዞረው? ዓይኑስ ይርገበገባል? ልጄ አብራኝ ስትሆን ክንዴን ጎተት ታደርገኝና «እማዬ፣ ሰው ላይ አታፍጪ፣ ሌላ ነገር ያስባሉ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ዝም ብሎ ማፍጠጥ በእኛ አገር ሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም በዚያው ምክንያት ነው።

ዕድሜዬን ሙሉ ነርስ ነበርኩ። ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ሲስተር ስንዱ እየተባልኩ ነው። ሀብሩ ገጠር ውስጥ ጀመርኩ፣ ከዚያ ወልድያ አንድ ሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ብዙ ዓመት ሠራሁ፣ መጨረሻ ላይ መርሳ ጤና ጣቢያ ገብቼ እዚያው ጡረታ ወጣሁ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ ያውቀዋል። የዝውውር ደብዳቤዬም ሰው ሁሉ ከሰማ በኋላ ነበር የሚደርሰኝ። ማውራት የምፈልገው ማየትን ስላስተማሩኝ ሰውና በዚያ ትምህርት ስላወቅኋት አንዲት ሴት ነው።

ያስተማሩኝ ዶክተር ሰይድ ናቸው፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ጠጋ ካላሉ የማይሰሙ ሰው ነበሩ። ጠዋት ሲመጡ ቀጥታ ክፍላቸው አይገቡም። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ሕመምተኛው ከውጭው በር እስከ አግዳሚው ሲራመድ ያዩታል። ማንም ሐኪም መሆናቸውን አያውቅም፤ ገዋናቸውን ክንዳቸው ላይ አጥፈው ነው የሚይዙት።

«ሰው ፊቴ ሲቀመጥ ራሱን ያስተካክላል» አሉኝ አንድ ቀን። «እኔ የምፈልገው ሳያስተካክል ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሕመምተኛውን ያስቀምጡና «እጅዎን ጭንዎ ላይ ያሳርፉ፣ ወራቱን ከጳጉሜ ወደ ኋላ ይጥሩልኝ» ይሉታል። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተው በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። መጀመሪያ ሰሞን ንቀት መስሎኝ አዝኜባቸው ነበር። በኋላ እንደገባኝ የመስኮቱ መስታወት ከኋላቸው ያለውን ያሳያቸዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ሕመምተኛውን እያዩ ነው። ሰውየው ወሩን ለማስታወስ ሲታገል እጁን ይረሳል። የተረሳ እጅ ደግሞ የራሱን ሥራ ይጀምራል።

አንድ ጊዜ ከውርጌሳ በኩል የመጡ አንድ ሼህ ነበሩ። ልጆቻቸው ያመጧቸው ለጨጓራ ነው። ወራቱን ሲጠሩ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት በሌባ ጣታቸው ላይ ይንከባለል ጀመር፤ ልክ የሙስበሃ ዶቃ እንደሚቆጥር ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ። እጃቸው ውስጥ ግን ምንም የለም። ልጃቸው ኩራት ተሰምቶት «አባታችን አሁን አሁን ዚክር አይለቁም፤ ሙስበሃውን ቤት ቢረሱት እንኳ ይቆጥራሉ» አለን።

ዶክተር ሰይድ ዞር አሉና «አሰላሙ አለይኩም ሼህ፣ ምን እየቆጠሩ ነው?» ብለው ጠየቁ።

ሼሁ እጃቸውን አዩት። እንደ ሌላ ሰው እጅ ነው ያዩት። «እኔ አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። «እሱ ነው የሚቆጥር።»

ዶክተር ሰይድ የሼሁን ክንድ አንስተው አጠፍ ዘርጋ አደረጉና «ያዢው ሲስተር» አሉኝ። ያዝኩት። ክርኑ በልስላሴ አይታጠፍም፤ ጥርስ ያለው ማርሽ ውስጥ ያለ ይመስል ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ነው የሚሄደው። ፓርኪንሰን የሚባለውን ሕመም መጀመሪያ ያወቅኩት በመዳፌ ነው።

ከዚያ በኋላ ዶክተር ሰይድ ደጋግመው የነገሩኝ መንቀጥቀጡን ብቻ እንዳላይ ነው። የሚንቀጠቀጠውን ማንም ያያል፤ ሳይንቀጠቀጥ የሚመጣው ነው የሚያመልጠን ይሉ ነበር። አንዱ ትከሻዬን አመመኝ ብሎ ይመጣል። የሌላው ጽሑፍ መስመሩ ሳያልቅ እያነሰ እያነሰ ሄዶ ጉንዳን ያክላል። አንዳንዱ ምግብ አልሸት ካለው ዓመታት አልፈውታል፤ ከእርጅና ቆጥሮት ለማንም አልነገረም። ለዚህ ሲሉ ሆስፒታሉ ግቢ ጤና አዳም አስተክለው ነበር፤ ቅጠሉን ቀጥፈው፣ በጣታቸው አሽተው፣ የሰውየውን ዓይን አስጨፍነው ያሸትቱታል። ደግሞም ቶሎ አትፍረጂ ይሉኛል፤ ይህን ሕመም የሚመስል ሌላ ሕመም አለ፣ መድኃኒትም ያመጣዋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ምን እየወሰደ እንደሆነ ጠይቂ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስባቸው ፊት ነበር። «ቤተሰብ ተቀየመኝ፣ ጠላኝ፣ ኮራብኝ ሲል የሰውየውን ፊት እዪ» ይሉኛል። ይህን ሲሉኝ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ አልገባኝም ነበር።

የገባኝ መርሳ ነው።

ጦርነቱ ያለፈ ሰሞን ነው። ሁሉም ሰው ቤቱ ውስጥ የጎደለ ነገር ነበረበት፤ የጎደለበት ሰው ደግሞ ያጎደለበትን ይፈልጋል። አንድ ቀን ሰብለ የምትባል ልጅ እግር ሴት ሕፃን ታቅፋ ጤና ጣቢያ መጣች። ሕፃኗ ማህሌት ትባላለች፣ ገና አንገቷ መጽናቱ ነው። ትኩሳት ነበራት፤ ሳያት ጆሮዋ መግል ይዟል። አንገቷ ላይ በጨርቅ የተሰፋ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ተንጠልጥሏል።

«ማን እንዳያት አውቃለሁ ሲስተር» አለችኝ ሰብለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። «አማቴ ናቸው።»

«ጆሮዋ ነው የታመመው፣ እቱ። መድኃኒት ሰጥቻታለሁ፣ ይሻላታል።»

«ጆሮዋንስ ማን አሳመመው? ዓይናቸው አይከደንም እኮ። ድሮ እንዲህ አልነበሩም፤ ሲስቁ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር። አሁን ልጄን ሳሳያቸው ፊታቸው ላይ ምንም የለም። ዝም ብለው ያዩዋታል። እኔ እቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስል ጭንቅላታቸው አይዞርም፣ ዓይናቸው ብቻ ይከተለኛል።»

አማቷን አውቃቸዋለሁ። እትዬ ሙሉ መርሳ መንገድ ዳር ሱቅ የነበራቸው ሴት ናቸው፤ እህልና ጨው፣ ሳሙናና ክር ይሸጣሉ። ልጃቸው ደሳለኝ የሰብለ ባል ነው፣ ከመርሳ ወልድያ ሚኒባስ ይነዳል። ሱቁን ካየሁት ቆይቼ ነበርና በማግስቱ ሳሙና ልግዛ ብዬ ሄድኩ።

እትዬ ሙሉ ከባንኮኒው ኋላ ተቀምጠዋል። ከበሩ ሆኜ ፎቶ የማይ መሰለኝ። ዝንብ ጉንጫቸው ላይ አርፎ ወደ ዓይናቸው ሥር ሄደ፤ አልከደኑም። ገባ ብዬ ሰላም ስላቸው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፃቸው ግን ከጓዳ ያለ ሌላ ሰው የሚናገር ያህል ከሩቅ ነው የመጣው።

«እትዬ ሙሉ፣ ድምፅዎ ምን ሆነ?»

«እኔማ እየጮህኩ ነው። ሰው ነው የማይሰማኝ።»

ሳሙናውን ለማንሳት እጃቸውን ሲሰዱ ቀስ ብሎ፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሁሉ ሄደ። ከበስተኋላቸው ጆንያዎቹ ላይ የእህሉን ስም በከሰል ጽፈዋል። የቆየው ጆንያ ላይ «ምስር» የሚለው ቃል መዳፍ ያክላል። አዲሱ ጆንያ ላይ ያለው «ሽንብራ» ሲጀምርም ትንሽ ነው፤ የመጨረሻዋ ፊደል ነጥብ ሆናለች።

ደንበኛ አልነበረም። ቁጭ አልኩ። እሳቸው ጀመሩ።

«ልጅቱን እንዳላያት ሰብለ ከለከለችኝ። ስታየኝ እስቅላታለሁ ሲስተር። ውስጤ ይስቃል። ፊቴ ላይ አይወጣም እንጂ።»

«አውቃለሁ።»

«ሌላም አለ፤ ለማንም አልነገርኩም።» ዓይናቸው ከእኔ አልተነሣም። «ከኋላዬ የቆመ ሰው አለ። በግራዬ በኩል። ስዞር የለም። ክፉ አይደለም፣ ምንም አይለኝም። ዝም ብሎ ቆሞ ነው።»

ሳላስበው ከትከሻቸው በላይ አየሁ። ጆንያ ብቻ ነው ያለው።

«ሰው የሚለኝን ሰምቻለሁ» አሉ። «ቡዳ ናት ይላሉ። አንቺ የተማርሽ ነሽና እስቲ ንገሪኝ፤ ቡዳ የሆነ ሰው ራሱን ያውቃል? ሳላውቀው ሆኜስ ቢሆን?»

ብዙ ሕመምተኛ አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም፣ ሐዘን የለም፤ ፍርሃቱ ያለው ቃሉ ውስጥ ብቻ ነው። «እኔ የምጠረጥረው ሕመም ነው» አልኳቸው። «ግን እኔ አልወስንም። ወልድያ የማምናቸው ሐኪም አሉ፣ አብረን እንሂድ።»

ደሳለኝ በራሱ መኪና ጋቢና አስቀምጦ ወሰደን። ሆስፒታሉ ደርሰን የዶክተር ሰይድ ክፍል በር ላይ እትዬ ሙሉ ቆሙ። እግራቸው ሲሚንቶው ውስጥ የተቀበረ መሰለ። ደሳለኝ ሊጎትታቸው ሲል ዶክተር ሰይድ ከውስጥ «ተዋቸው» አሉና መጥተው የራሳቸውን ጫማ ከእሳቸው እግር ፊት አጋደሙ። «እማማ፣ እግሬን ይሻገሩት» አሏቸው። እትዬ ሙሉ ጫማውን አዩ፣ እግራቸውን አነሱ፣ ተሻገሩና ገቡ፤ ምንም እንዳልያዛቸው።

ከዚያ እጃቸውን አዩላቸው፣ ክርናቸውን አጠፉ ዘረጉ፣ ጣታቸውን እንደሚሰፋ ሰው ይክፈቱ ይግጠሙ አሏቸው፤ ጣቶቹ ሲጀምሩ በሰፊው ይከፈቱ ነበር፣ እየጠበቡ ሄደው ቆሙ። የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቁ፤ የለም። በመጨረሻ ጤና አዳሙን አሽተው ከአፍንጫቸው ሥር ያዙት።

«ምንድነው የሚሸትዎ?»

«ቅጠል ነው መሰለኝ። ሽታ የለውም።»

በሩ ሥር የቆመው ደሳለኝ ደነገጠ። «እዚህ ድረስ ይሸታል እኮ» አለ።

ዶክተር ሰይድ ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡና አንድ በአንድ ነገሯቸው። ሕመሙ ፓርኪንሰን ይባላል፤ ሰውነታችንን የሚያንቀሳቅስ አንድ ንጥረ ነገር አንጎል ውስጥ እያነሰ ሲሄድ የሚመጣ ነው። ጨርሶ የሚያድነው መድኃኒት ገና የለም፣ የሚያግዝ ግን አለ። የሚተላለፍ አይደለም። ማንም አላመጣባቸውም፣ እሳቸውም በማንም ላይ አላመጡም።

«ከኋላዬ የሚቆመውስ?»

«እሱም ከዚሁ ጋር አንዳንድ ሰው ላይ ይመጣል። ብቻዎን አይደሉም። መናገር ከጀመረ ወይ ካስፈራዎት ይንገሩኝ፤ መድኃኒቱም አንዳንዴ ያባብሰዋልና አይደብቁኝ።»

እትዬ ሙሉ «ስም አለው ማለት ነው» አሉ።

«አለው እማማ።»

እንባቸው ወረደ። ፊታቸው ሳይጨማደድ፣ ከንፈራቸው ሳይንቀጠቀጥ፣ እንባ ብቻ እንደ ዝናብ በግድግዳ ላይ ወረደ። ደሳለኝ ማየት አልቻለም፣ ወጣ።

መድኃኒቱን ደሳለኝ ከደሴ እያስመጣ ይሰጣቸው ጀመር። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ ማታ እቤቱ ገብቶ ያየውን ሁሉ ለሚስቱ ነገራት። በበሩ ላይ እግራቸው እንዴት እንደተያዘ፣ ጤና አዳም አፍንጫቸው ሥር ተይዞ እንዴት እንዳልሸተታቸው። እሱ የነገራት ስለ ሕመሙ እንዲገባት ነው። ሰብለ የሰማችው ግን ሌላ ነው። ጤና አዳም የሚታሰርበት ምክንያት ለእሷ አንድ ብቻ ነው፣ ቡዳን ማራቅ። ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለጎረቤት፤ ገበያው ከመበተኑ በፊት መርሳ ሁሉ ሰምቶታል።

እኔ ይህን አላወቅኩም። እኔ የማውቀው ሳምንታት አልፈው ሱቁ ስገባ እትዬ ሙሉ ቀና ብለው ማየታቸውንና ፈገግ ማለታቸውን ነው። ያ ፊት ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ጉንጫቸው ተነሣ፣ ዓይናቸው ተከደነ ተከፈተ። «ሲስተር» ሲሉኝ ድምፃቸው ከራሳቸው አፍ ወጣ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ስወጣ ሱቁ በር ላይ አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ቆማ ነበር። የእትዬ ሙሉን ፈገግታ አየችና የልጇን ራስ በነጠላዋ ሸፍና መንገድ ተሻገረች።

በዚያው ሰሞን የዘነበች ልጅ ታመመ። ዘነበች የሱቁ ጎረቤት ናት፣ ልጁ ገና መራመድ የጀመረ ነው። ተቅማጥና ትውከት ያዘው፣ ፊቱ ገባ፣ ዓይኑ ጎደጎደ። ሰውም ሁለቱን ነገር ገጠመው። የሙሉ ፊት ሲመለስ የልጁ ፊት ሄደ ተባለ። እኔና ዶክተር ሰይድ እሳቸው ሲሻላቸው ሰው ያምናል ብለን ነበር። መሻላቸው ራሱ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል ብሎ ያሰበ ከመካከላችን የለም።

ጤና ጣቢያ ሆኜ ነው የተጠራሁት። ስደርስ ቀትር አልፏል፣ መንገዱ ዳር ሱቁ ፊት ለፊት ሰው ቆሟል። ጩኸት እጠብቅ ነበር። ጩኸት የለም። ወንዱም ሴቱም ዝም ብሎ ወደ ሱቁ ውስጥ ያያል። ከማውቃቸው ሰዎች፣ ልጆቻቸውን ከከተብኩላቸው ሰዎች መካከል እያለፍኩ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ማንም ዓይኑን ከእትዬ ሙሉ ላይ አይነቅልም።

ዘነበች ባንኮኒው ሥር ልጇን ታቅፋ ተንበርክካለች። የልጁን ሆድ ቆዳ ቆነጠጥኩ፤ ተቆንጥጦ ቀረ።

«ዘነበች፣ ልጁ ውኃ አልቆበታል። ስጪኝ፣ አሁኑኑ ጉሉኮስ ያስፈልገዋል።»

«መጀመሪያ እንትፍ ይበሉበት።»

«ዘነበች፣ እሳቸው ሕመምተኛ ናቸው። እኔ ራሴ ነኝ ወልድያ የወሰድኳቸው።»

«እንትፍ ካላሉበት ልጄን ለማንም አልሰጥም።»

ወደ ሰዉ ዞሬ ተናገርኩ። ስለ ሕመሙ፣ ስለ አንጎል፣ ስለ መድኃኒቱ የማውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ድምፄ ሲያልቅ ልክ እንዳልተናገርኩ ሆነ። ከሰዉ መካከል ሰብለን አየኋት፤ ማህሌትን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ለጥፋለች። ደሳለኝ መንገድ ላይ ነው፣ የለም።

እትዬ ሙሉ ባንኮኒውን ይዘው ተነሡ። የመድኃኒታቸው ሰዓት አልፎ ኖሮ ፊታቸው እንደገና እየተዘጋ ነበር። ምን እንዳሰቡ ገባኝ።

«እንዳያደርጉት» አልኳቸው። «ካደረጉት ነኝ ማለትዎ ነው። ከእንግዲህ ማንም አይሰማኝም።»

«ልጁ ጊዜ አለው ወይ?» አሉኝ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ።

አየሁት። መዋሸት አልቻልኩም። «የለውም።»

«እንግዲያ ዝም በይ።»

ጎንበስ አሉ። ምራቃቸውን ለማምጣት አፋቸው ሲታገል አየሁ። ከዚያ የልጁ ግንባር ላይ እንትፍ፣ እንትፍ አሉ። ከሰዉ አንድ የትንፋሽ ድምፅ ወጣ። ዘነበች ልጁን ክንዴ ላይ ጣለችው፤ ሮጥኩ።

የልጁ ደም ሥር ጠፍቶ ብዙ ፈለግን፤ እግሩ ላይ አገኘን። ጉሉኮሱ ገባ፣ ቀስ ብሎ ዓይኑ ተመለሰ፣ ሲመሽ ውኃ ለመነ። ዘነበች እጄን ሳመችኝ። «ተመስገን ሲስተር» አለችኝ። «እንትፍ ባይሉበት ኖሮ ሞቶ ነበር።»

በሥራ ዘመኔ ሕመምተኛ ሞቶብኛል፣ መንገድ ላይ አዋልጃለሁ፣ በጦርነቱ ጊዜ ያየሁትን አይቻለሁ። እንደዚያ ቀን ማታ ግን ተሸንፌ አላውቅም። ልጁ ድኗል። እትዬ ሙሉ ግን በአደባባይ፣ በራሳቸው ምራቅ ቡዳ ሆነዋል። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፤ እያወቁ ነው ያደረጉት።

ከዚያ በኋላ ከሱቁ ማንም አልገዛም። በጠራራ ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ድንጋይ ይወርድ ነበር፤ ወጥተው ሲያዩ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ደሳለኝ ዕቃውን ሸጦ እናቱን ወልድያ እህታቸው ዘንድ አስገባቸው። ሰብለ አብራ አልሄደችም። እየተመላለሰ ሁለቱን ቤት የሚያየው እሱ ሆነ፤ ማህሌትን ግን አያቷ ጋ አንድ ቀን እንኳ እንዲወስዳት አልፈቀደችለትም።

ዶክተር ሰይድ ደሴ ወደ ልጆቻቸው ሄዱ። እኔም ጡረታዬ ሲደርስ ወልድያ ገባሁ፣ ከእትዬ ሙሉ ቤት ብዙም አልርቅም። እየሄድኩ አያቸዋለሁ። ሕመሙ አልቆመም። መድኃኒቱ መጀመሪያ እንደነበረው ቀኑን ሙሉ አይዝም፤ ይመጣል ይሄዳል። ሲሄድ እትዬ ሙሉም ይሄዳሉ፣ ሲመጣ ይመጣሉ። አንዳንድ ጊዜ ወሬ ጀምረው ግማሹ ላይ ፊታቸው ይዘጋል፤ እጠብቃለሁ፤ ሲመለሱ ወሬውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

በቅርቡ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። ሰብለ ናት። ማህሌትን እጇን ይዛታለች፤ ልጅቷ አድጋ አፍ ፈታለች። ገና ሳትቀመጥ ጀመረች።

«አባቴን ነው ሲስተር። ሐራ ነው ያለው፣ እርሻ ላይ። በቀደም ከፊቴ ከፊቴ ሲሄድ አየሁት፤ አንድ እጁ አይወዛወዝም። እግሩን መሬት ላይ ይጎትታል። እናቴ አባትሽ ኮርቶብኛል፣ ሳወራው ፊቱን አይፈታም አለችኝ። ዓይኑን ጠበቅኩት። ቶሎ አይከደንም።»

«ማን ያውቃል፣ ሌላም ሊሆን ይችላል። ሐኪም ይየው።»

«እኔ አውቀዋለሁ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ሰው አባቴን እንዲያ ቢለውስ? አባቴ ዶሮ እንኳ ማረድ የማይሆንለት ሰው ነው።»

ስለ እትዬ ሙሉ አንድም ቃል አላነሣሁባትም። እሷ ናት ያነሣችው። «ቢያዩኝ ያባርሩኛል?» አለችኝ።

«እንሂድና ጠይቂያቸው።»

እትዬ ሙሉ ግቢው ውስጥ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። መድኃኒታቸው ይዞላቸው ስለነበር ከሩቅ ለዩን። ሰብለ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ትከሻዋን ያዙና «ተይ፣ ልጅቷ ታያለች» አሉ። ልጅቷን ግን አልነኩም፤ እጃቸውን ሰብስበው ያዙ። ሰብለ ስለ አባቷ ነገረቻቸው። ሰሙ፣ ጠየቁ፣ ትከሻውን ያመዋል ወይ አሉ፣ ሽታ ይለያል ወይ አሉ። ብዙ ከተጫወትን በኋላ ንግግራቸውን አቋረጡና «አሁን ሊሄድብኝ ነው» አሉ። «ከፈለግሽ ልጅቷን ውሰጃት። ካልፈራሽ ደግሞ ቁጭ በይና እዪው። አባትሽን ያግዝሽ ይሆናል።»

ሰብለ ቁጭ አለች።

ፊታቸው ቀስ ብሎ ሄደ። መጀመሪያ አፋቸው፣ ከዚያ ጉንጫቸው፤ ዓይናቸው መጨረሻ ላይ ቆመ። ጭናቸው ላይ ያለው እጅ መንከባለል ጀመረ። ሰብለ አጥብቃ ትተነፍሳለች፤ የማህሌትን እጅ አልለቀቀችም፣ ግን አልተነሣችም። ማህሌት አያቷ ፊት ቆማ ያንን የቆመ ዓይን ታያለች፤ ልጅ ነገር ሲያይ እንደሚያየው፣ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ።

ክኒኑን ከውኃ ጋር ሰጠኋቸው። ለመዋጥ ጊዜ ወሰደባቸው። ጠበቅን። ጥላው ከእግራችን ላይ ሸሽቶ ፀሐዩ ጫማችን ላይ ወጣ። የእጁ መንከባለል ዘገየ፣ ቆመ። የዓይናቸው ቆብ አንድ ጊዜ ተከደነ። ከዚያ ጉንጫቸው ሞቀ፣ የአፋቸው ጥግ ላላ፣ እትዬ ሙሉም ልጅቷን አይተው ፈገግ አሉ።

ማህሌት አንድ እርምጃ ጠጋ አለች።

«እማማ፣ የት ሄደሽ ነበር?»

«የትም አልሄድኩም» አሏት። «እዚሁ ነበርኩ፣ ልጄ። ስታዪኝ እኔም እያየሁሽ ነበር።»

ሰብለ ልጅቷን ከብብቷ ሥር ይዛ አነሣቻትና አማቷ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።